8 ጊጋባይት ራም ላይ 1 ቴራባይት እንዴት ይገባል?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ላፕቶፔ 8 ጊጋባይት ራም አለው። የምጠቀመው ሊኑክስ ነው። ቶፕ የሚለውን ትእዛዝ ስከፍት ከብሮውዘሩ ፕሮሰሶች (እየሠሩ ካሉ የፕሮግራሙ ክፍሎች) አንዱ ብቻውን ከ1 ቴራባይት በላይ ቨርቹዋል ሜሞሪ ይዟል ይለኛል። ዲስኬ እንኳን 512 ጊጋባይት ነው! ፍሪ የሚለውን ትእዛዝ ስሰጥ ደግሞ ነጻ ያለው ራም 300 ሜጋባይት ብቻ ነው። የከፈትኩት ግን ብሮውዘርና አንድ የጽሑፍ ማዘጋጃ ነው። ስዋፕ፣ ማለትም ራም ሲጠብ ዳታ የሚወጣበት የዲስክ ቦታ፣ ማሽን ያዘገያል ብለው ስለመከሩኝ ላጠፋው አስቤያለሁ። ራም የሚያጸዳ ፕሮግራም ልጫን? ወይስ ራም ልጨምር?»

በአንድ ትንፋሽ የመጡ ብዙ ጥያቄዎች ናቸው፤ ሥራቸው ግን አንድ ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ለፕሮግራሞች የሚያሳያቸው ሜሞሪ አንድ ነገር ነው። ማሽኑ ውስጥ የተሰካው ራም ሌላ ነገር ነው። ቶፕ ላይ ያዩት 1 ቴራባይት የመጀመሪያውን ይቆጥራል። የከፈሉበት 8 ጊጋባይት ሁለተኛው ነው። ስለዚህ 1 ቴራባይቱ 8 ጊጋባይት ውስጥ አልገባም። መግባትም አያስፈልገውም።

ማንኛውም ፕሮግራም ሜሞሪ ሲነካ አድራሻ ይጠራል። አድራሻ ቁጥር ነው፣ በቃ። ፕሮግራሙ «አድራሻ 5,000,000 ላይ ያለውን አምጣ» ሲል ቁጥሩ በቀጥታ ወደ ራም አይሄድም። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ አንድ ክፍል ቁጥሩን ተቀብሎ ወደ እውነተኛው የራም አድራሻ ይለውጠዋል። ብሮውዘሩም የጽሑፍ ማዘጋጃውም አድራሻ 5,000,000 ሊኖራቸው ይችላል፤ የሚደርሱት ግን የተለያየ ቦታ ነው። አንዱ የሌላውን ዳታ ማየት አይችልም። ወደዚያ የሚወስድ ቁጥር እጁ ላይ የለማ።

ሐሳቡ የቆየ ነው። መንገዱን የጠረገው በ1962 ሥራ የጀመረው የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲው አትላስ ኮምፒውተር ነው። ፈጣን ሜሞሪ በዚያ ዘመን በጣም ውድ ስለነበር አትላስ የያዘው ወደ 16 ሺህ ባለ 48 ቢት ቃላት ብቻ ነበር (ቃል እዚህ ማሽኑ በአንድ ጊዜ የሚያነበው የዳታ ቁራጭ ነው)። ከጀርባው ወደ 96 ሺህ የሚይዝ፣ ግን ቀርፋፋ የሆነ የማግኔት ከበሮ ነበረው። እስከዚያ ድረስ «ይህን ቁራጭ ከከበሮው አምጣ፣ ያንን መልስ» እያለ የሚጽፈው ፕሮግራመሩ ራሱ ነበር። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ስሕተትም አያጣውም። አትላስን የሠራው የቶም ኪልበርን ቡድን ሁለቱን እንደ አንድ ሰፊ ሜሞሪ አድርጎ ለፕሮግራመሩ አቀረበ። ማመላለሱን ማሽኑ ተረከበ። ዛሬ የያዙት ስልክ የሚሠራው በዚሁ ሐሳብ ላይ ቆሞ ነው።

አድራሻ የሚለወጠው ባይት በባይት አይደለም። እንደዚያ ቢሆን የመለወጫው ሰንጠረዥ ከሜሞሪው ይበልጥ ነበር። ሜሞሪው እኩል በሆኑ ገጾች ይከፈላል። በኢንቴልና በኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች የተለመደው ገጽ 4 ኪሎባይት ነው፤ አፕል በራሱ ቺፕ በሚሠራቸው ማኮች ላይ 16 ኪሎባይት ነው። እያንዳንዱ ፕሮሰስ የትኛው ገጹ የትኛው የራም ቦታ ላይ እንዳለ የሚናገር የራሱ ሰንጠረዥ አለው።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ የ1 ቴራባይቱ ምስጢር ያለው እዚህ ነው። የእርስዎን ዓይነት ባለ 64 ቢት ላፕቶፕ በአብዛኛው ለአድራሻ የሚጠቀመው 48ቱን ቢት ብቻ ነው። 48 ቢት 256 ቴራባይት ይሆናል። ሊኑክስ ግማሹን፣ ማለትም 128 ቴራባይቱን፣ ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ ይለቅለታል፤ ሌላው ግማሽ የከርነሉ፣ ማለትም የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ነው። 256 ቴራባይት በ4 ኪሎባይት ሲካፈል ወደ 69 ቢሊዮን ገጽ ይመጣል። ለእያንዳንዱ ገጽ 8 ባይት የሚፈጅ መስመር ቢያዝ ሰንጠረዡ ብቻውን 512 ጊጋባይት ይሆናል። ለአንድ ፕሮሰስ! የእርስዎ ዲስክ ሙሉ በሙሉ ሄደ ማለት ነው።

ስለዚህ ሰንጠረዡ አንድ ረጅም ዝርዝር ሆኖ አይሠራም፤ ቅርንጫፍ እያወጣ ይወርዳል። 48ቱ ቢት 9፣ 9፣ 9፣ 9 እና 12 ተደርጎ ይቆረጣል። የመጀመሪያዎቹ 9 ቢቶች የላይኛው ሰንጠረዥ ካሉት 512 መስመሮች አንዱን ይመርጣሉ። ያ መስመር ቀጣዩ ሰንጠረዥ የት እንዳለ ይጠቁማል። ቀጣዮቹ 9 ቢቶች ከዚያኛው ውስጥ ይመርጣሉ። እንዲህ እያለ አራት ደረጃ ይወርዳል። የቀሩት 12 ቢቶች ከገጹ ውስጥ የትኛው ባይት እንደተፈለገ ይናገራሉ።

ዘዴው የሚያምረው ማንም ያልነካው ቅርንጫፍ ጭራሽ ስለማይሠራ ነው። ከላይ ባለው መስመር ላይ «ባዶ» ተብሎ ይታለፋል። የላይኛው ሰንጠረዥ አንዱ መስመር ብቻውን 512 ጊጋባይት አድራሻ ይሸፍናል። እንግዲህ ያልተነካ 1 ቴራባይት ማለት ሁለት ባዶ መስመር ነው። 16 ባይት! ከርነሉ «ይህ ክልል ተይዟል» ብሎ ለብቻው የሚጽፈው ትንሽ መዝገብ ሲጨመርበት እንኳን አንዲት ገጽ አይሞላም።

ብሮውዘሩ ይህን ሁሉ አድራሻ ምን ይሠራለታል? በክሮምና በዘመዶቹ ውስጥ ጃቫስክሪፕት የሚያስኬደው ሞተር ለደኅንነት ሲል ሰፊ ክልል አጥሮ ይይዛል። በክልሉ ውስጥ ያለ ነገር ሌላውን የሚጠራው በሙሉ አድራሻ አይደለም፤ ከክልሉ መነሻ ምን ያህል እንደሚርቅ በመንገር ነው። ርቀቱ የሚጻፍበት ቢት የተወሰነ ነው። አንድ ተንኮለኛ ድረ ገጽ ቁጥሩን ቢያበላሸው እንኳን ከክልሉ እንዳይወጣ የታሰበ ነው። ክልሉ ሰፊ ነው፤ ውስጡ ግን በአብዛኛው ባዶ ሜዳ ነው።

ልብ ያለ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ይጠይቃል። አንድ ባይት ለማንበብ አራት ሰንጠረዥ መግለጥ ካስፈለገ ማሽኑ በብዙ እጥፍ አይዘገይም? ይዘገይ ነበር። ነገር ግን ፕሮሰሰሩ በቅርቡ የለወጣቸውን አድራሻዎች ቲኤልቢ በሚባል በጣም ትንሽና በጣም ፈጣን ቦታ ይይዛቸዋል። ፕሮግራሞች አንድ አካባቢ መመላለስ ስለሚወዱ አብዛኛው ጥሪ መልሱን እዚያው ያገኛል። ሰንጠረዥ በተቀየረ ቁጥር እዚያ የተያዘው እንዳይጠፋ ሲባል ለብዙ ዓመት የከርነሉ ሜሞሪ በእያንዳንዱ ፕሮሰስ ሰንጠረዥ ውስጥ «አይነካም» የሚል ምልክት ተደርጎበት ይቀመጥ ነበር። በጥር 2018 ሜልትዳውን የተባለው ቀዳዳ ይፋ ሲሆን ነገሩ ተገለበጠ። በብዙ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ ፕሮግራም የከርነሉን ሜሞሪ እንዳያነብ ለመከልከል ያ ምልክት በቂ እንዳልሆነ ታወቀ። በተጎዱት ማሽኖች ላይ የከርነሉ ሰንጠረዥ ከፕሮግራሙ ተለየ፤ ፕሮግራም ከርነሉን በጠራ ቁጥር ትንሽ ጊዜ መክፈል ግድ ሆነ። አዳዲሶቹ ፕሮሰሰሮች ቀዳዳውን ከሥሩ ደፍነውታል።

አሁን ፕሮግራሙ የምሩን ሜሞሪ ሲፈልግ ምን እንደሚሆን እንይ። 1 ጊጋባይት ጠየቀ እንበል። ከርነሉ «ይኸውልህ» ይላል፤ አንድም የራም ገጽ ግን አላወጣም። የመዘገበው ክልሉን ብቻ ነው። ፕሮግራሙ እዚያ የመጀመሪያውን ባይት ሊጽፍ ሲል ፕሮሰሰሩ ሰንጠረዡን ያያል፤ መስመሩ ባዶ ነው። ፕሮግራሙ ባለበት ይቆምና ጉዳዩ ለከርነሉ ይተላለፋል። ይህ ፔጅ ፎልት ይባላል። ምንም የተበላሸ ነገር የለም፤ ጤነኛ ማሽን ላይ ያለማቋረጥ የሚካሄድ ተራ ሥራ ነው።

ከርነሉ ያኔ መዝገቡን ያገላብጣል። አድራሻው ከተፈቀደ ክልል ውስጥ ከሆነ አንድ ባዶ የራም ገጽ ያነሣል፣ በዜሮ ይሞላዋል፣ መስመሩን ይጽፋል፣ ፕሮግራሙን ካቆመበት ትእዛዝ ያስቀጥለዋል። ፕሮግራሙ መቆሙንም አላወቀ። ዜሮ መሙላቱ እንደው ለንጽሕና አይደለም። ገጹ ቀድሞ የሌላ ፕሮግራም ከነበረ የአንድ ሰው የይለፍ ቃል ቀርቶበት ሊሆን ይችላል። የተፈለገው ገጽ ዲስክ ላይ ከሆነ ደግሞ ከዚያ ይመጣል፤ ይህኛው ጊዜ ይወስዳል። አድራሻው ጨርሶ ያልተፈቀደ ከሆነ ፕሮግራሙ ይገደላል። በሲ ቋንቋ ፕሮግራም የጻፈ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሴግመንቴሽን ፎልት ይኸው ነው።

ከርነሉ ለሁሉም «እሺ» ሲል የገባው ቃል ካለው ራም ሊበልጥ ይችላል። ባንክም እንደዚሁ ነው፤ ገንዘብ ያስቀመጠ ሁሉ በአንድ ቀን ላውጣ ቢል የሚዳረስ ጥሬ ገንዘብ የለም፣ ግን ሁሉም በአንድ ቀን አይመጣም። ሊኑክስ ላይ ሁሉም በአንድ ላይ ከመጡ ኦኦኤም ኪለር የሚባለው ይነሣል። በዋናነት የያዙትን ሜሞሪ እያየ ለፕሮሰሶቹ ነጥብ ይሰጣል፤ ከፍተኛ ነጥብ ያገኘው ይገደላል። በእኔ አስተያየት ይህ ለግል ላፕቶፕ ተስማሚ ነው። ለዳታቤዝ ሰርቨር ግን ያስፈራል፤ እዚያ ብዙ ሜሞሪ የያዘው ራሱ ዳታቤዙ ነዋ! ከርነሉ ካለው በላይ ቃል እንዳይገባ አጥብቀው የሚይዙት የዳታቤዝ አስተዳዳሪዎች ምክንያታቸው ይህ ነው።

ቶፕ ላይ «ሬስ» የሚለው ኮለም ወደ እውነቱ ይቀርባል፤ የሚቆጥረው በእርግጥ ራም ላይ ያለውን ነው። እሱንም ግን አይደምሩት። አሥር ፕሮሰሶች አንድ ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩት የተዘጋጀ ኮድ) ቢጠቀሙ ራም ላይ ያለው ቅጂ አንድ ነው፤ ቶፕ ግን ለአሥሩም ይቆጥረዋል።

ወደ 300 ሜጋባይቱ እንምጣ። ይህ ቁጥር ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ ባይደነግጡ ጥሩ ነው። ከዲስክ የተነበበ ፋይል በተለምዶ ቅጂው ራም ላይ ይቀራል፤ ፋይሉ ቢዘጋም፣ ፕሮግራሙ ቢወጣም። ፔጅ ካሽ ይባላል። ከራም ማንበብ 100 ናኖሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ከኤስኤስዲ ማንበብ ወደ 100 ማይክሮሰከንድ ነው፤ ሺህ እጥፍ። ከሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ወደ 10 ሚሊሰከንድ ነው፤ መቶ ሺህ እጥፍ። ባዶ የተቀመጠ ራም ኤሌክትሪክ ይበላል እንጂ ምንም አይፈይድም። ስለዚህ ከርነሉ የተረፈውን ሁሉ በፋይል ቅጂ ይሞላዋል። ፕሮግራም ሲጠይቅ ቅጂውን ጥሎ ቦታውን ይሰጣል።

ቅጂው ዲስኩ ላይ ካለው ጋር አንድ ከሆነ መጣል ምንም አያስከፍልም። ተጽፎበት ገና ዲስክ ያልደረሰ ከሆነ ግን መጀመሪያ መጻፍ አለበት። ፍላሽ ዝም ብላችሁ አትንቀሉ የሚባለው ለዚህ ነው። ኮፒው አለቀ ቢልዎትም የፋይሉ ጭራ ገና ራም ላይ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ መታየት ያለበት «ፍሪ» የሚለው ኮለም አይደለም፤ በመስመሩ መጨረሻ ያለው «አቬይለብል» ነው። ስዋፕ ሳይነካ ለአዲስ ፕሮግራም ምን ያህል ሊገኝ እንደሚችል ከርነሉ ራሱ ከ2014 ጀምሮ የሚሰጠው ግምት ነው። እርስዎ በነገሩን ሁኔታ 3 ወይም 4 ጊጋባይት ቢያሳይ አይደንቀኝም።

ራም የሚያጸዱ ፕሮግራሞችስ? አንዳንዶቹ ከርነሉ ካሹን እንዲጥል ያዛሉ። ሌሎቹ ራሳቸው ብዙ ሜሞሪ ጠይቀው የሌላውን ገፍተው ያስወጡና ከዚያ የወሰዱትን ይለቃሉ። ቁጥሩ ያምራል። ቀጥለው ብሮውዘሩን ሲነኩት ግን የተጣለው ሁሉ ከዲስክ መመለስ ይጀምራል፤ ማሽኑም ከበፊቱ ይብሳል። አይጫኑ።

ስለ ስዋፕ ግን ረዘም አድርጌ ላስረዳ፤ «አጥፋው» የሚለው ምክር በየቦታው ይሰማልና። ራም ሲጠብ ከርነሉ የሆነ ገጽ ማስወጣት አለበት። የትኛውን? የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ላስሎ ቤላዲ በ1966 ምርጡን መልስ አስቀምጦታል፦ ወደፊት ከሁሉም ዘግይቶ የሚፈለገውን። የወደፊቱን የሚያውቅ ስለሌለ ይህ መለኪያ ነው እንጂ የሚሠራበት አይደለም። ከርነሎች የሚያዩት ያለፈውን ነው። ገጽ በተነካ ቁጥር ፕሮሰሰሩ በሰንጠረዡ መስመር ላይ አንዲት ቢት ያበራል። ከርነሉ እየዞረ ያጠፋታል። ተመልሶ ሲመጣ እንደጠፋች ካገኛት ገጹ ሥራ ፈት ነው ማለት ነው። ሊኑክስ በ2022 መጨረሻ፣ በ6.1 ስሪቱ፣ ገጾችን በትውልድ የሚከፋፍል አዲስ ዘዴ ጨምሯል። መሠረቱ ግን አሁንም ያችው ቢት ናት።

የሚወጡት ገጾች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ከፋይል የመጣ ነው፤ የፕሮግራሙ ኮድ ራሱ እዚህ ይመደባል። ይህ ዝም ብሎ ይጣላል፣ ሲፈለግ ከፋይሉ ይነበባል። ሁለተኛው ፕሮግራሙ ሲሠራ የፈጠረው ዳታ ነው። ዲስክ ላይ ቅጂ የለውም። ስለዚህ ከራም ለማስወጣት ማስቀመጫ ይፈልጋል፤ ማስቀመጫው ስዋፕ ነው። ስዋፑን ሲያጠፉት ይህኛው ዓይነት መውጫ ያጣል። ከጠዋት ጀምሮ ያልነኩት ታብ ዳታ ራሙ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ከርነሉ የሚጥለው ነገር ሲያጣ አሁን እየሠራ ያለውን ፕሮግራም ኮድ ይጥላል። ወዲያው ይፈለጋል። ያነበዋል። ደግሞ ይጥለዋል። ስዋፕ የሌለው ማሽን የዲስኩ መብራት እየበራ፣ ማውሱ አልንቀሳቀስ ብሎ የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ግርግር ትራሺንግ ይባላል። ከምን እንደሚመጣ በ1968 በደንብ ያብራራው የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ፒተር ዴኒንግ ነው። እያንዳንዱ ፕሮግራም በአንድ ወቅት የሚመላለስባቸው ገጾች አሉት። የሁሉም ድምር ከራም ሲያልፍ ፍጥነቱ ቀስ እያለ አይቀንስም፤ ገደል ነው የሚገባው። በቁጥር እንየው። ከሺህ ጥሪ አንዱ ብቻ ወደ ሃርድ ዲስክ ቢሄድ፣ የዚያ የአንዱ 10 ሚሊሰከንድ ለሺው ሲካፈል ለእያንዳንዱ ጥሪ 10 ማይክሮሰከንድ ይደርሰዋል። ከ100 ናኖሰከንድ ተነሥቶ ወደ 10 ማይክሮሰከንድ ማለት መቶ እጥፍ ነው። በኤስኤስዲ ይኸው ስሌት ሁለት እጥፍ ያዘገያል። «ስዋፕ ማሽን ይገድላል» የሚለው ምክር ከሃርድ ዲስክ ዘመን የተረፈ ነው የምለው ለዚህ ነው። የእርስዎ ዲስክ ኤስኤስዲ ከሆነ ስዋፑን ይተዉት።

የተሻለም አማራጭ አለ። ዲስክ ላይ ከመጻፍ በፊት ሥራ ፈት ገጾችን እዚያው ራም ላይ አጭቆ ማስቀመጥ ይቻላል። ሊኑክስ ላይ ይህን የሚሠራው ዚራም ይባላል። ማክ ከ2013 ጀምሮ፣ ዊንዶውስ 10ም ከመጀመሪያው ዓመቱ ጀምሮ የየራሳቸው ዘዴ አላቸው። አንድሮይድ ስልኮችም በአብዛኛው የሚጠቀሙት ዚራምን ነው፤ የስልኩን ማከማቻ ደጋግሞ በመጻፍ ላለመጨረስ ሲባል። 8 ጊጋባይት ላለው ላፕቶፕ ዚራምን ብመክር ደስ ይለኛል። ገጽ ማጨቅና መፍታት ፕሮሰሰሩን ትንሽ ያደክመዋል፤ ግን ዲስክ ከመጠበቅ እጅግ ይፈጥናል።

ራም ልጨምር ወይ ላሉት ደግሞ እንዲህ ያድርጉ። እንደ ወትሮዎ እየሠሩ፣ የሚከፍቱትን ሁሉ ከፍተው፣ ቪኤምስታት የሚለውን ትእዛዝ በየሰከንዱ እንዲያሳይ አድርገው ያስጀምሩት። «ኤስአይ» እና «ኤስኦ» የሚሉትን ኮለሞች ይዩ፤ የመጀመሪያው ከስዋፕ የሚመለሰውን፣ ሁለተኛው ወደ ስዋፕ የሚወጣውን ይናገራሉ። ስዋፕ ላይ 2 ጊጋባይት ተቀምጦ እነዚህ ሁለቱ ዜሮ ላይ ከቆሙ ምንም ችግር የለም፤ የወጣው የማይፈለገው ነው። ታብ ሲቀይሩ ብልጭ ብሎ ወደ ዜሮ ከተመለሰም ይለፉት። በሥራ ላይ ሳሉ ሁለቱም ለደቂቃዎች ከዜሮ በላይ ከቆዩ ግን ገጾቹ እየወጡ እየገቡ ናቸው። ያኔ ራም መጨመር ወይም ታብ መዝጋት ነው፤ ላፕቶፑ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ዓይነት ከሆነ የቀረው ሁለተኛው ብቻ ነው።